ምስጢር ባለበት ቤት ደም ይከሰሳል

«ዘ ባድ ሲድ» የተባለው ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ አሜሪካ ውስጥ ታትሞ ለገበያ የቀረበው በኤፕሪል 1954 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱን «ክፉ ዘር» ብንለው ያስኬደናል። ደራሲው ዊልያም ማርች መጽሐፉ በወጣ በወሩ ገደማ፣ ሜይ 15 ቀን፣ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ውስጥ አረፈ። ዓመቱ ሳያልቅ ማክስዌል አንደርሰን ታሪኩን ወደ ቴአትር ለውጦት ብሮድዌይ ላይ መታየት ጀመረ፤ በጠቅላላው 334 ጊዜ ታየ። በ1956 ደግሞ ፊልም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ ለታላላቆች እጅ ነስታ ሰላምታ የምትሰጥ፣ ዞር ሲሉ ግን ሰው የምትገድል ሕፃን በስንት መጽሐፍና በስንት ፊልም እንደተቀዳች ቆጥሮ የሚጨርስ የለም።

ሰባ ዓመት ሙሉ ይህ መጽሐፍ «ዘር አስተዳደግን ያሸንፋል» ብሎ እንደ ፈረደ ሲነበብ ኖሯል። የሚወዱትም የሚጠሉትም በዚህ አይጣሉም። እኔ ግን መጽሐፉ ራሱ የሚያቀርበው ማስረጃ ወደ ሌላ የሚያመለክት ይመስለኛል። በዚያ ቤት ሬሳ የሚያበዛው ዝምታ ነው፤ ደም የሚጠራው ዝምታው እንዳይጠየቅ ነው። መጨረሻውን ሳልናገር ይህን ማስረዳት አልችልምና ልብ ወለዱን ገና ሊያነብ ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየምም።

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ባለች አንዲት ከተማ ነው። ክሪስቲን ፔንማርክ ባሏ ኬኔት ለሥራ ባሕር ማዶ ስለሄደ ከስምንት ዓመት ልጇ ከሮዳ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። ሮዳ ልብሷ የማይቆሽሽ፣ ቤት ሥራዋን ሳይነገራት የምትጨርስ፣ ሽማግሌ የሚመርቃት ልጅ ናት። ትምህርት ቤቷ በዓመቱ መጨረሻ ለእጅ ጽሕፈት የሚሰጠውን ሜዳልያ ክሎድ ዴግል ለተባለ ልጅ ሸለመ። ሮዳ ሜዳልያው የእኔ ነው ባይ ናት። የትምህርት ቤቱ ልጆች ለሽርሽር ወደ ባሕሩ ዳርቻ በሄዱበት ቀን ክሎድ ከአሮጌው የጀልባ ማቆሚያ ሥር ሰምጦ ተገኘ። ደረቱ ላይ የነበረው ሜዳልያ የለም። ኋላ ክሪስቲን ሮዳ ዕቃዋን በምትደብቅበት ቦታ ታገኘዋለች።

ከዚያ ወደ ኋላ ስታስብ ሌሎች ነገሮች ይገጥሙላታል። ቀድሞ በኖሩበት በባልቲሞር፣ ለሮዳ ጌጧን ላወርስሽ ብላ ቃል የገባችላት አሮጊት ከደረጃ ወድቃ ሞታ ነበር። ቀጥሎ የሚሞተው ሌሮይ ነው። እሱ የሕንፃው የጥገናና የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ልጅቷን በኤሌክትሪክ ወንበር እያስፈራራ ሲቀልድ፣ ቀልዱ እውነት መሆኑ ሳይገባው ምስጢሯ ላይ ይደርሳል። ምድር ቤት ተኝቶ ሳለ አቃጠለችው።

የመጽሐፉ ዋና ምስጢር ግን የእናቲቱ ነው። ክሪስቲን የታወቀ ጋዜጠኛ የነበረው የሪቻርድ ብራቮ ልጅ ሆና አድጋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ይሸረሽራታል፤ በእርግጥ የአብራኩ ክፋይ ነኝ ወይ? አንድ ጎረቤት አካባቢ የሚመላለስ የወንጀል ታሪክ ጸሐፊ አለ፣ ሬጂናልድ ታስከር የሚባል። ከእሱ ዶሴዎች መካከል ቤሲ ዴንከር የተባለች፣ ቤተሰቧን ሳይቀር አንድ በአንድ የፈጀች ሴት ታሪክ ታነባለች። ከልጆቿ አንዲት ብቻ አምልጣ ተርፋለች። የተረፈችው ራሷ ክሪስቲን ናት። ብራቮ ጉዳዩን ይዘግብ የነበረ ሰው ነው፤ ሕፃኗን ወስዶ አሳደጋት፣ አፉን ዘግቶም ሞተ። (አንደርሰን በመድረክ ሥራው አባትየውን በሕይወት አቆይቶ እውነቱን ከገዛ አፉ ያስወጣዋል። ለተመልካች ይጥም ይሆናል፤ እኔ ግን ሴትዮዋ ብቻዋን ወረቀት ስታገላብጥ የምታገኝበትን የልብ ወለዱን አካሄድ እመርጣለሁ።)

ክሪስቲን የደረሰችበት መደምደሚያ አጭር ነው፤ ክፋቱ ከእናቴ በእኔ በኩል አልፎ ልጄ ላይ አረፈ። ልጇን ብዙ የእንቅልፍ ክኒን አዋጠቻት፤ ራሷን በጥይት ገደለች። የተኩሱን ድምፅ የሰሙ ጎረቤቶች ደርሰው ሮዳን አተረፏት። ከሄደበት የተመለሰው ኬኔት ሬሳ ሲቀብር፣ ምንም የማያውቁት ጎረቤቶች ልጅህ እንኳ ተረፈችልህ እያሉ ያጽናኑታል።

እንግዲህ «ዘር ያሸንፋል» የሚለው ንባብ ከዚህ ነው የሚነሳው። አያት ገዳይ፣ የልጅ ልጅ ገዳይ። ነገር ግን በመካከላቸው ማን አለች? ክሪስቲን። የቤሲ ዴንከር የሥጋ ልጅ እሷ ናት፤ ለዘሩ የምትቀርበውም እሷው ናት። እሷ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ የዋህ፣ ሩኅሩኅ፣ ይሉኝታ የሚያጠቃት ሴት ናት። ዘር ብቻውን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ በእሷ በኩል ሲያልፍ ለምን ዝም አለ? ታስከር አንዳንዱ እንዲሁ ተፈጥሮ ይመጣል የሚል መልስ አለው። ማርች ይህን መልስ ለምርምር ሰው አልሰጠም፤ የወንጀል ታሪክ እየሰበሰበ ለሚኖር፣ ግብዣ ላይ በወሬው ለሚወደድ ሰው ነው የሰጠው። ይህን ልብ የሚሉ አንባቢዎች ጥቂት ናቸው።

በሌላው ወገን ሞኒካ ብሪድላቭ አለች፤ የቤቱ አከራይ፣ የፍሮይድን ትምህርት ቁርጥራጭ ይዛ ያገኘችውን ሰው ሁሉ የምትመረምር። የሰውን የአፍ ወለምታ እየለቀመች ነፍሱን የምታነብ ይህች ሴት፣ በየቀኑ የምታቅፋትንና ስጦታ የምታዘንብላትን ሮዳን ግን አንድም ቀን አላነበበቻትም። ማርች በዚህ የሚስቀው ከውጭ ሆኖ አይደለም። በ1930ዎቹ ለንደን ሳለ ኤድዋርድ ግሎቨር በተባለ ስመ ጥር ሐኪም ዘንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ተከታትሏል። ስለዚህ «ዘር ነው» የሚለው አዋቂም፣ «አስተዳደግ ነው» የሚለው አዋቂም በዚያ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጣሉ፤ ልጅቷ በመካከላቸው ትመላለሳለች፤ ሁለቱም አያዩአትም።

ለመሆኑ ሮዳ ምን እየሰማች፣ ምን እየተማረች ነው ያደገችው? መልካም ጠባይ ስታሳይ ጌጥ ይሰጣታል። እጅ ነስታ ሰላም ስትል ትወደሳለች። ስታቅፍ ትከፈላለች። ትምህርት ቤቷ የጠረጠራትን ነገር ፊት ለፊት ከመናገር ይልቅ ለመጪው ዓመት ቦታ የለንም ብሎ በትሕትና ይሸኛታል። ሮዳ የሚያስከስሳትን ማስረጃ ወደ ማቃጠያው ስትወረውር እናቷ ዝም ትላለች። የሟቹ እናት ሆርቴንስ ዴግል ብቻ ናት ሰክራ በየቤቱ እየገባች ልጄ እንዴት እንደሞተ የሚያውቅ ይንገረኝ የምትለው፤ እሷን ደግሞ ጨዋዎቹ ሰዎች ያፍሩባታል። በዚያ ሰፈር እውነትን ለመናገር አልኮል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ አስተዳደግ ካልሆነ አስተዳደግ ምንድን ነው?

ክሪስቲንም ለባሏ ረጃጅም ደብዳቤዎች ትጽፋለች፤ የምታውቀውን ሁሉ ትዘረዝርለታለች። አንዱንም ፖስታ ቤት አታስገባም።

ታዲያ አንባቢው ይህን ሁሉ እያየ ለምን ደሙን ይከሳል? እኔ ጥፋቱ በከፊል የልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ አሠራር ነው ባይ ነኝ። ይህ ዓይነቱ ድርሰት የሚቆመው በአንድ የተደበቀ ነገርና ነገሩ በሚገለጥበት ቅጽበት ላይ ነው። ዘር ለዚህ የተመቸ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቆየ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ከሞተ ሰው ሣጥን የወጣ ደብዳቤ፣ ዛሬ ደግሞ ምራቅን በብልቃጥ ልኮ የሚመጣ የዘረ መል ውጤት፤ አንዷ ገጽ ትገለጥና የሰው ሕይወት ይገለበጣል። አስተዳደግ ግን መሳቢያ ውስጥ ተደብቆ አይገኝም። በሺህ ቁርሶችና በሺህ እራቶች፣ በተነፈገ ጊዜና በተለመደ ውሸት የተሠራ ስለሆነ የሚገለጥበት ቅጽበት የለውም። ደራሲው ገጹን ለማስገለጥ ሲል ሳያስበው ለዘር ይፈርዳል። ነገሩ ዛሬ የመጣም አይደለም፤ የሶፎክልስ ኤዲፐስ ነፍሰ ገዳይ ሲያድን ውሎ ራሱን የሚይዝበት ድራማ የተመሠረተው በጉዲፈቻ ምስጢር ላይ ነው። ኤዲፐስን ቆሮንቶስ ውስጥ ያሳደጉት ንጉሥና ንግሥት ደግ ይሁኑ ክፉ የሚጠይቅ ተመልካች ግን አላጋጠመኝም። የወለደው ማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ያሳደገው ይረሳል።

ስለ ደራሲው ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። ማርች በትውልድ ስሙ ዊልያም ካምቤል ይባላል፤ በ1893 በአላባማ ግዛት፣ ሞቢል ውስጥ ልጅ ከበዛበት ድሀ ቤት ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ማሪን ወታደር ሆኖ ፈረንሳይ ዘመተ። ከጀግንነቱ የተነሳ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት፣ የባሕር ኃይሉና የፈረንሳይ መንግሥት ሸለሙት፤ ሦስት ትልልቅ ሜዳልያ። ተመልሶ በመርከብ ኩባንያ ውስጥ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረሰ፤ በ1933 ያሳተመው «ካምፓኒ ኬ» ስለ ጦርነት ከተጻፉት መራር መጻሕፍት አንዱ ነው። እንግዲህ በጦር ሜዳ ተዋግቶ የተሸለመ ሰው፣ በስተርጅናው፣ ለሜዳልያ ብላ ሰው የገደለች የስምንት ዓመት ልጅ ታሪክ ጻፈ። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ግን በአጋጣሚ የተመረጠ ዕቃ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። መግደልና መሸለም ዝምድና እንዳላቸው ያየ ሰው ጉዳዩን ለአያት ደም ብቻ ያስረክባል ብዬ አላምንም።

መጽሐፉ በወጣበት አገርና ዘመን ደግሞ «ክፉ ዘር» የልብ ወለድ ርእስ ብቻ አልነበረም፤ ሕግ ነበር። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1874 ባሳተመው ጥናቱ ተፈጥሮንና አስተዳደግን እንደ ሁለት ተቀናቃኞች ፊት ለፊት አቆማቸው፤ በ1883 ደግሞ የሰውን ዘር እንደ ከብት መርጦ ማራባትን «ዩጀኒክስ» ብሎ ስም አወጣለት። አሜሪካኖች ሐሳቡን ተቀብለው ወደ ተግባር ለወጡት። በ1927 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት የቀረበችው ኬሪ በክ ናት፤ በታሪክ መዝገብ ስሟ የቆየ የቨርጂኒያ ወጣት። እናቷ «አእምሮ ደካማ» ተብላ ተቋም ውስጥ ተዘግቶባታል። ኬሪ በሌሎች ሰዎች ቤት አደገች። በ17 ዓመቷ አረገዘች፤ ያሳደጓት ሰዎች እሷንም «አእምሮ ደካማ» ናት፣ ሥርዓት የላትም ብለው እናቷ ወዳለችበት ተቋም አስገቧት። የወለደቻትን ሕፃን ቪቪያንን አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አይታ መልኳ እንደ ደህና ልጅ አይደለም ብላ መሰከረች። ሕፃኗ ገና ዓመት አልሞላትም። ፍርድ ቤቱ በስምንት ድምፅ ለአንድ ኬሪ እንድትመክን ፈቀደ፤ ዳኛው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ሦስት ትውልድ ደካማ አእምሮ ይበቃል የሚል ትርጉም ያለው ፍርድ ጻፉ።

የዚህን ጉዳይ ምስጢር ያወቅነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ኬሪ እንደተናገረችው የደፈራት የአሳዳጊዎቿ የቅርብ ዘመድ ነው። ቤቱ ኀፍረቱን ለመሸፈን ልጅቷን አስወጣ፤ ለማስወጣት ደግሞ ደሟን ከሰሰ። ቪቪያን ትምህርት ቤት ገብታ ጎበዝ ተማሪዎች ስማቸው በሚጻፍበት ዝርዝር ውስጥ ገባች፤ በ1932 ታማ ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሮዳም ስምንት ዓመቷ ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ ያለችው የስምንት ዓመት ልጅ ዘሯ ተረጋገጠባት፤ በእውነት የነበረችው የስምንት ዓመት ልጅ ዘሯን ሐሰተኛ አደረገችው፤ ስሟ የቀረው ግን የፈጠራዋ ናት። የኬሪ እህት ሳታውቀው መክናለች፤ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ነው ነበር ያሏት። በአገሪቱ በጠቅላላው ከ60,000 በላይ ሰዎች በእነዚህ ሕጎች መክነዋል። ማርች መጽሐፉን ሲያሳትም የቨርጂኒያው ሕግ ገና እየሠራ ነበር፤ የተሻረው በ1974 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኑረምበርግ ላይ የቀረቡ የናዚ ተከሳሾች ጠበቆችም ይህንኑ የአሜሪካ ፍርድ ለመከላከያ ጠቅሰውታል።

ሳይንሱስ ምን ይላል? ዘር ምንም አይደለም አይልም፤ ያንን ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ። በ2015 የወጣ አንድ ትልቅ ስብስብ ጥናት ሃምሳ ዓመት በመንታዎች ላይ የተሠራውን ሁሉ፣ ከ14 ሚሊዮን በላይ ጥንድ መንትዮችን የሚነካ መረጃ ደምሮ፣ በሰዎች መካከል ካለው የጠባይና የጤና ልዩነት በአማካይ 49 በመቶው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው አለ። ይህ ግን ስለ ብዙ ሰዎች ልዩነት የሚናገር ቁጥር ነው፤ የአንድን ልጅ ጠባይ ግማሹን ከአያቱ ግማሹን ከቤቱ ብሎ አይከፍልም። ለክሪስቲን ቢነገራት ኖሮ ይጠቅማት የነበረው በ1984 የታተመው የዴንማርክ ጥናት ነው። ከ14,000 በላይ ማደጎዎችን ተከታትሏል። ወላጆቻቸውም አሳዳጊዎቻቸውም ያልተፈረደባቸው ወንዶች ልጆች 13.5 በመቶ ያህሉ በወንጀል ተፈርዶባቸዋል፤ የወለዳቸው ብቻ የተፈረደበት ከሆነ ወደ 20 በመቶ ይወጣል፤ ሁለቱም ወገን ከተፈረደባቸው 24.5 ይደርሳል። ዘር ይመዝናል። ነገር ግን ወንጀለኛ ከወለዳቸው ከአምስቱ አራቱ አልተፈረደባቸውም። ዝምድናው የታየውም በስርቆትና በመሰል ወንጀሎች ነው፤ በሰው ላይ ጉዳት በማድረስ ወንጀል አይደለም። ቤሲ ዴንከር ስርቆት አውርሳ ይሆናል፤ ነፍስ ግድያ የሚያወርስ ደም ግን እዚያ መዝገብ ውስጥ አልተገኘም።

ኒውዚላንድ ውስጥ ዳኒዲን ከተማ በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን ከሕፃንነት ጀምሮ የተከታተሉ ተመራማሪዎችም በ2002 ያወጡት ውጤት ብዙ አነጋግሯል። አንድ ዓይነት ዘረ መል የያዙ ወንዶች በልጅነታቸው ከተበደሉ ሲያድጉ ወደ ጠበኝነት ያደላሉ፤ ያው ዘረ መል ኖሯቸው በደህና ቤት ያደጉት ግን ከሌላው ብዙም አይለዩም። ጋልተን ተቀናቃኝ ያደረጋቸው ሁለቱ ነገሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ይህ ውጤት ለልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ አይመችም፤ ማን ገደለ ሲባል ሁለቱም እያሉ በየመጠኑ መመለስ ገጹን ያቀዘቅዛል።

ሆሊውድ በበኩሉ ለዘርም ለአስተዳደግም አልፈረደም፤ ለመብረቅ ፈረደ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች የሚገዙበት ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ታሪክ እንዲያልቅ አይፈቅድም። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሜርቪን ሌሮይ እናቲቱን ከሞት አተረፋት፤ ሮዳ በዝናብ ሌሊት ሜዳልያውን ፍለጋ ወደ ባሕሩ ስትሄድ መብረቅ ጣላት። ያም አልበቃቸውም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ተዋንያኑ አንድ በአንድ እየወጡ ይተዋወቃሉ፤ እናት ሆና የሠራችው ናንሲ ኬሊ ልጅቷን ፓቲ ማኮርማክን ጭኗ ላይ አጋድማ ቂጧን ትገርፋታለች፤ ሁሉም ቀልድ ነበር እንዲባል። እንደ እኔ በፊልም ታሪክ ውስጥ ከታዩት አሳፋሪ መዝጊያዎች አንዱ ነው። ግን ባለማወቅ የተናገሩት ነገር አለ፤ ልጅቷ የሚያስፈልጋት ቁንጥጫ ከነበረ ጉዳዩ መጀመሪያውኑ የአስተዳደግ ነበር ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው አባባል ወዲያው አፉ ላይ ይመጣለታል። ያው ሰው መንገድ ላይ ባለጌ ልጅ ሲሰድበው ደግሞ «አሳዳጊ የበደለው!» ይላል። ሁለቱንም ፍርድ ይዘን እንደ ሁኔታው እንመዛለን። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ምስጢሩ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት በሚቆጠርበት አገር፣ የሌላ ሰው ልጅ ማሳደግ የተለመደውን ያህል ማን የማን እንደሆነ መደበቅም የተለመደ ነው። አክስቱን እናቴ እያለ አድጎ እውነቱን ለቅሶ ቤት ውስጥ አፉ ካላረፈለት ሩቅ ዘመድ የሚሰማ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2018 እስኪያግድ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አሜሪካና አውሮፓ ሄደዋል። ዛሬ ጎልማሶች ሆነው ከየት እንደመጡ ሲጠይቁ የተለያየ ታሪክ የያዘ ወረቀት የሚያጋጥማቸው አሉ። እነዚህ ልጆች የሚፈልጉት ወላጆቻቸውን ነው፤ «ክፉ ዘር» ዓይነት መጻሕፍት ግን ፍለጋቸውን አስፈሪ አድርገው ይስሉታል። የማደጎ ልጅ ዶሴ ውስጥ ሁልጊዜ ቤሲ ዴንከር የተቀመጠች ይመስላል። በእውነተኛው ዶሴ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ድህነት ነው፣ ወይም ሕመም፣ ወይም ሞት።

ከማርች ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይታ ጥያቄውን እንደገና ያነሳችው ላዮኔል ሽራይቨር ናት። በ2003 የወጣው፣ በ2005 የኦሬንጅ ሽልማትን ያገኘው «ስለ ኬቨን መነጋገር አለብን» የሚለው ልብ ወለዷ ከመጀመሪያው ገዳዩ ማን እንደሆነ ይነግረናል። ኬቨን 16 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው ፈጅቷል። ታሪኩን የምትተርከው እናቱ ኢቫ ናት፣ ለባሏ ለፍራንክሊን በምትጽፋቸው ደብዳቤዎች። ባሏ ደግሞ ደብዳቤዎቹን ሊያነባቸው አይችልም፤ ለምን እንደሆነ የምናውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ሽራይቨር ማርችን አስባ ይሁን ሳታስብ፣ ሁለቱ እናቶች ባል የማይደርሰው ደብዳቤ ይጽፋሉ።

በአሠራር ግን ሽራይቨር አንድ እርምጃ ትቀድማለች። ቅድም አስተዳደግ የሚገለጥበት ቅጽበት የለውም ብዬ ነበር፤ እሷ አንድ አገኘችለት። ኬቨን ስድስት ዓመት ገደማው ሳለ ኢቫ ተናድዳ ትወረውረዋለች፤ ክንዱ ይሰበራል። ልጁ ለአባቱ በራሴ ወድቄ ነው ይላል። እናትና ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ውሸት ይተሳሰራሉ፤ እሱ በያዘባት ምስጢር ያስፈራራታል፣ እሷ ደግሞ ከዚያ ቀን የበለጠ ለእሱ ቀርባ እንደማታውቅ ይሰማታል። በዚህ ቤት የተደበቀው ነገር የአያት ዶሴ አይደለም፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የተፈጸመ የእናት እጅ ነው። ያም ሆኖ መጽሐፉ ለዚያ ስብራት ሁሉን አያሸክመውም። ኢቫ ልጇ ከተወለደበት ደቂቃ ጀምሮ ጡቷን እምቢ እንዳለ ትነግረናለች፤ ግን የምትነግረን እሷ ናት፣ ያውም ከእልቂቱ በኋላ። የምታስታውሰውን ሁሉ እልቂቱ ቀለም ቀብቶታል። አንባቢ ዘር ነው ቢል እሷን ማመን አለበት፤ አስተዳደግ ነው ቢልም እሷኑ ማመን አለበት። በስተመጨረሻ እስር ቤት ሄዳ ለምን ብላ ትጠይቀዋለች፤ ልጁ ድሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም ይላታል። ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ሆኖ ምስጢሩን ሳይፈታ አንባቢውን ሳያናድድ የሚያልቅ መጽሐፍ ብዙ አላነበብኩም።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳነብ ግን ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ዘር ነው ብንል የምትመረመረው የክሪስቲን እናት ናት፤ አስተዳደግ ነው ብንል የሚመረመረው የኢቫ እጅ ነው። ማሕፀንም የእናት፣ ጡትም የእናት ሆነና ክርክሩ በየትኛውም ወገን ቢያልቅ ተከሳሿ አንዲት ሴት ናት። ፍራንክሊን እቤቱ ተቀምጦ ልጁ ምንም አልሆነም እያለ ዓይኑን ጨፍኗል፤ የእሱ ጭፍንነት በአስተዳደግ አልተቆጠረም። ኬኔት ደግሞ ጭራሽ የለም። ሥራ ላይ ነው፤ ማንም ጥፋት አላገኘበትም፤ ሲመለስ የሚያዝኑለት ሰው ነው። ሮዳ ግማሽ ደሟ ከእሱ የመጣ ልጅ ናት፤ በመላው መጽሐፍ ውስጥ ግን ክሪስቲን ራሷን ጨምሮ የእሱን ወገን አጥንት ልቁጠር ያለ አንድም ሰው የለም።